የሚስማሩ ከፍታ

ወገል ጤና ላይ ኅዳር ሲገባ፣
አመዳይ ያድራል በጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሽምብራው አበባ።
በወላዶች ማቆያ ክፍል፣ በስድስቱ አልጋ መሃል፣
የሰው ትንፋሽ እንደ ጭስ ይታያል።

ሙሄ ይመር ከደሴ መጣ በአይሱዙ ላይ፣
ምድጃውን በገመድ አስሮ፣ ራሱ ከጭነቱ በላይ።
ከጋዝ በርሜል የቆረጠው ሆድ፣ ከባሌስትራ የቀጠቀጠው እግር፣
በሩ ላይ በብየዳ የጻፈው ቁጥር፦
ሰባት።
«ስድስቱስ?» አልኩት።
«አንዱ ጭስ ተፋ። አንዱ ሆዱ ተቀደደ።
የቀሩትን አትጠይቂኝ ሲስተር» ብሎ መዶሻውን ፍለጋ ሄደ።

የመጀመሪያው ቀን እርጥብ ባህር ዛፍ አመጡልን፣ ትናንት የተቆረጠ፣
እሳቱ ላይ ያፏጫል፣ አረፋ እየደፈቀ፣ እንደ ወላድ እያማጠ።
ጭሱ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ በበሩ ተመለሰ፤
በሰው ቀብር ያላለቀሰው ጥበቃችን፣ አያ አሊጋዝ፣ አለቀሰ።
ሙሄ አላፈረም። ጣሪያ ላይ ወጣ፣
ጭስ ማውጫውን አንድ ክንድ አስረዘመ፣ ባርኔጣ ደፋለት፣ ወርዶ መጣ።
ክብሪት ጭሮ ከአየር ቀዳዳው ፊት ያዘው፤
ነበልባሉ ወደ ውስጥ ጎነበሰ፣ ከውስጥ አንድ ሰው «ግባ» እንዳለው።
«ስቧል» አለ።
ስቧል።

በሁለተኛው ቀን ሚዛን አወረድኩ፣ ሕጻን የምመዝንበትን፣
አምስት ኪሎ ፍልጥ ሰቀልንበት፣ ስም ያልወጣለትን።
ሙሄ ሁለት ሁለቱን ያጋጫል፦ ቋ ካለ ደርቋል፣
ዱፍ ካለ ወደ ፀሐይ፤ ገና ውሃ ይዟል።
በደብተሬ ላይ ሰዓት፣ ኪሎ፣ ዲግሪ፤
አንድ እጄ የአየር መዝጊያው ላይ፤ «ቀንሺ» ይለኛል፣ «ቀንሺ… አሁን ጨምሪ።»
ከፍተን ስንተወው ቧንቧው ቀላ፣ ፍልጡ በአርባ ደቂቃ አለቀ፣
ሙቀቱም ጭሱን ተከትሎ ወደ ደላንታ ሰማይ ዘለቀ።
ጥርቅም ስናደርገው አኮረፈ፣ መስኮቱን ጥላሸት ቀባ፤
ሩቡን ብቻ ስንከፍትለት ግን፣
ሽማግሌ እንደመከረው ባል፣ ከቤቱ ተግባባ።

ከስድስት ዲግሪ ተነስተን፣
በሁለት ሰዓት ሃያ አንድ ደረስን።
የክትባት ማቀዝቀዣው ቴርሞሜትር፣ ለብርድ የተቀጠረው፣
ሙቀት ሲጠብቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፣ ግድግዳው ላይ፣ ከዓይናችን ትይዩ፣ በሚስማር የሰቀልነው።
«ሃያ አንድ!» አልኩ። ሙሄ መዳፉን በሱሪው ጠረገ፣
ከደራረበው ጃኬት አንዱን አውልቆ ወንበር ላይ አደረገ።

ከጥግ፣ አልጋ ሞልቶ ከተነጠፈላት የወለል ፍራሽ፣ ጦይባ ተናገረች፣
ከወለደች ሦስት ቀኗ፤ ሦስቱንም ዝም ያለች፦
«ማንን ነው የለካችሁት?
ይህ የቆመ ሰው ሙቀት ነው። እኔ ተኝቻለሁ፤ እሱንም እዩት።»
ጨርቁን ገለጠች።
የልጁን ተረከዝ ነካሁት፤ የጠዋት ድንጋይ።
ቴርሞሜትሩን ነቅዬ ፍራሹ ጎን አኖርኩት። ጠበቅን።
አስራ ሁለት።
ማንም ማንንም አላየም፤ መሬት መሬት አየን።
ዘጠኙን ዲግሪ ሸረሪት ስትሞቀው ኖራለች፣ ማገር ላይ።

ሙሄ አልተሟገተም። ማዳበሪያ ከረጢት ተርትረን ዝቅ ያለ ኮርኒስ ሰፋን፣
በበሩ ስር የሚሾልከውን ንፋስ በአሮጌ ብርድ ልብስ ደፈንን፣
ምድጃውን በትኩሱ፣ በሁለት አጣና፣ ወደሷ ገፋን።
አያ አሊጋዝ ጣቱን ተቃጠለና ሰደበን።

ሲነጋ፣ በፍራሹ ቁመት፣ አስራ ስምንት ተኩል።
ጦይባ ተኝታለች። ጻፍኩ።

ሙሄ ሊሄድ ሲል ከሰባቱ ጎን በጠመኔ «ተኩል» ብሎ ጻፈ፤
«ስምንተኛውን ዝቅ አድርጌ ነው የምሠራው» እያለ አይሱዙው ላይ ተሰቅሎ አለፈ።

የላይኛው ሚስማር አሁንም አለ፤ ጋውኔን እሰቅልበታለሁ።
የታችኛው ከጉልበቴ በታች ነው፤
ለማንበብ እንበረከካለሁ።