ጣሪያ ላይ የቀረ

ዛላ ሰባት ሞላት፤ አምስት አገር ኖረች፣
ከሻንጣዋ ጋራ ቁመት ተካከለች።
ማሪቦር ያለውን ቤት ለሰው አከራየን፣
በኪራዩ ደግሞ የሰው ቤት ተከራየን።

ፔናንግ ነን ዘንድሮ።
ማትያዥ በጣቱ ቪዛውን ሲቆጥር፣
ዛላ በምላሷ ጥርስ ትገፋ ነበር።
ዘጠና ቀን ነበር፣ ሰባ ሁለቱ አለቀ፤
ጥርሷ ግን ሳይቸኩል እንደላላ ዘለቀ።

ሎቭሮ አሥራ ሁለቱ ነው። ጓደኛ አልይዝም ብሏል፤
«ስሙን ስለምደው መሄጃችን ይደርሳል።»
እንዲህ ያለኝ ሊዝበን ነው፣ ሳህን እያጠበ፣
ፊቱን ሳያዞር፣ ሌላ እያሰበ።
እዚህም ኪያት፣ የአከራያችን የልጅ ልጅ፣
ኳስ በብብቱ ይዞ ሲጠብቀው ከደጅ፣
መጋረጃውን ሳበ።
አየሁት። ምንም አላልኩ።
ምን ብዬስ ልናገር? ትኬቱን የቆረጥኩ
እኔው ነኝ።

በሰባ ሦስተኛው ቀን፣ ኑድሏን እየበላች፣
«ማሚ!» ብላ ጮኸች፤
የበቆሎ ፍሬ የሚያህል፣ ደም የነካው፣
መዳፏ ላይ አሳየችን፤ ሳቀችም፣ ፈራችም፣ ልትውጠው ነበረ ለጥቂት የተረፈው።

ወይዘሮ ኡይ መጡ፣ መነጽር አጥልቀው፣
ጥርሷን ወደ መስኮት፣ ወደ ብርሃን ይዘው፦
«የታች ጥርስ ከሆነ ጣሪያ ላይ ይጣላል፤
የላይ ቢሆን ኖሮ አልጋ ሥር ይገባል።
አዲሱ መንገዱን ከአሮጌው ይማራል።»
(የፊተኛውን ጥርስ፣ ኦአሃካ ሳለን፣
አይጥ ነው የወሰደው፣ ሳንቲም ትቶልን።)

ዛላ ግን መዳፏን ጨበጠች። «አልሰጥም።
አዲሱ ሲወጣ እኛ እዚህ የለንም።
እንዴት ብሎ ያገኘኛል?»

ማትያዥ እኔን አየ፣ እኔ ማራገቢያውን፤
ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይለቅም ቦታውን።

ያን ጊዜ ነው ሎቭሮ ወንበሩን የገፋው።
«ስጪኝ» አላት። ወረደና በሩን ከፈተው፣
«ኪያት!» ብሎ ተጣራ።
ለካ ስሙን ያውቃል።

መሰላል ተገኘ ከጎረቤት ጓሮ፣
ሸክላው ዝናብ ጠጥቶ ጠቁሯል ከድሮ።
አንዱ መሰላል ያዘ፣ አንዱ እጁን ወነጨፈ፤
ሸክላው አንዴ ቀጭ አለ፤ ከዚያ ድምፁ አረፈ።
ወይዘሮ ኡይ ዛላን ጎንበስ አሉላትና፣
«እኔ አለሁ ጣሪያው ሥር፣ አንቺ ሂጂ በደኅና።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ አሥራ ሰባት ማታ፣
ኳስ ሲነጥር ሰማሁ ያለ አንዳች ፋታ።
በመጨረሻው ሌሊት ሎቭሮ ያለቀሰ መሰለኝ፤
ልጠይቀው ብዬ ሄጄ፣ እግሬ ከበሩ መለሰኝ።

ትብሊሲ በረዶ ነው። አራተኛ ፎቅ።
ዛላ መስታወት ፊት አፏን ስትከፍት፣ ብቅ
ያለ ነጭ ጫፍ አየች፤ ትንሽ ዘመም ብሏል።
«እንደውል ለወይዘሮ ኡይ! ንገሯቸው፣ ደርሷል፤
ጣሪያ ጣሪያ እያዩ አንገታቸው ዝሏል።»

ስልኩን ኪያት አነሳ። ሎቭሮ ከጎን ተጋፋ።
ዛላ አሳየችው፣ አፏ እስከ ጆሮ ሰፋ።
ኪያት መዋሸት አያውቅም፦ «ጣሪያው ተቀይሯል፤
ውሃ ሲያስገባብን አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል።
አሮጌው ሸክላ በመኪና ተጭኗል።»
«ወዴት?»
«እኔ እንጃ።»
ከበስተኋላው የወይዘሮ ኡይ ድምፅ ተቆጣ፣
በማናውቀው ቋንቋ፤ ለልጁ ግን ገባው፣ ፊቱ ቀላ በአንድ አፍታ።

እዚህ ዓመት ይሰጣሉ። ማትያዥ መቁጠር ትቷል።
ሎቭሮ ስልኩን ይዞ ወደ ጓዳ ገብቷል፣
ሳቁ ይሰማኛል።

ዛላ በጣቷ ሌላ ጥርስ ነቀነቀች፣
«ይሄኛው የላይ ነው፣ አልጋ ሥር ነው» አለች።
ቆም ብላ ደግሞ፦
«ማሚ፣ ይሄ አልጋ የማነው?»

ተነሥቼ ውሉን ከመሳቢያ አወጣሁ፤
የአከራያችንን ስም ገና አሁን ፈለግሁ።