አራት ጀግና በሦስት ሺህ ቅጂ

ኅዳር ነው በሻርልሯ፤ ዝናቡ በአግድም ይመታል።
ከብስክሌት ጠጋኙ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ መብራት በርቷል፤
ኦዲል ዋርኒዬ ጠረጴዛ ላይ አራት ጀግና ተጋድሟል፤
ከጀግኖቹ ራስጌ ደግሞ የባንኩ ደብዳቤ ተኝቷል።

እኔ ቀለም ቀቢያቸው ነኝ፤ አመላቸውን አውቃለሁ።
ማርገሪት የትራም ነጂዋ አርባ ሰከንድ ጊዜ ታቆማለች፤
ከአርባው በኋላ ጥርሷን ያማታል፤ ለዚያ መድኃኒት የላትም።
ድንጋይ ሰሚው ኤልዜያር፣ ከተዘጋው የከሰል ጉድጓድ በታች
የሚተነፍሰውን ሁሉ ይሰማል፤ ሚስቱ ስትጠራው አይሰማም።
ኒኔት መንትያ ናት፤ ሁለተኛዋ ግን አልተወለደችም፤
ግድግዳ ላይ ጥላዋ ሁለት ነው፣ አንዱ ካንዱ ይቀድማል።
አራተኛውን ባስቲያን ስሎ ሳይጨርስ ሥራ ለቀቀ።
ፊት የለውም።
«ይሁን» አለች ኦዲል፣ «ኃይሉ እሱ ነው እንላለን።»

ውቅያኖስ ማዶ አንድ ጀግና አለ፣ ሰማንያ ዓመት የበረረ፤
ስንቴ ሞቶ ስንቴ ተነሣ! ሲሞት እንኳ ይሸጣል፤
በብርድ ልብስ፣ በጥርስ ብሩሽ፣ በሕፃን ካልሲ ይታያል።
የኛዋ ማርገሪት ካባ የላትም፤ የደንብ ልብስ ኮት ነው ያላት፣
የግራ ኪሱ የተቀደደ። ቀይ ቀለም አልቆበት
ማተሚያ ቤቱ ኮቱን የጡብ መልክ ሰጥቶ አተመው።
«ከተማችን የጡብ ናት፤ ያምርባታል» አልኳት።
ኦዲል አልሳቀችም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረጎምኩላት፤
«ድሩ ስንት ሜትር ነው? ሜትሩስ ስንት ነው?» አለችኝ።
ስለ እንቁላል ልቀጥል ነበር፣ ቀስ በቀስ በእግሩ ስለሚሄደው፤
ተውኩት። እንቁላሉ ይሄድ ይሆናል፤ ኪራይ ግን ይሮጣል፣
ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ቀድሞን በር ላይ ይቆማል።

ግጥም ቁጥር ባይወድም፣ ቁጥሩን ልንገራችሁ፤
ሦስት ሺህ አተምን። ሱቆች አራት መቶ አሥራ ሁለት አዘዙ።
ጥር ሳያልቅ ከነዚያም ውስጥ ስልሳ ሰባቱ ተመለሱ፣
ጠርዛቸው ሳይጎብጥ፣ ጣት ሳይነካቸው፣
ለሠርግ ተሰፍቶ ሠርጉ እንደቀረ ልብስ።
የቀረው ካርቶን ውስጥ ነው። ካርቶኑ ወንበር ሆነን፤
ጀግኖቻችን ላይ ተቀምጠን ምሳ እንበላለን።

ይሳካል ወይ? ትሉኛላችሁ።
እኔም ሌሊት ሌሊት እላለሁ።
ከተማ ያዳነች ሴት ካርቶን ውስጥ ከቀረች
ከተማይቱ ድናለች ይባላል?
ወይስ ትራሙ አሁንም፣ እዚያ ገጽ አሥራ አራት ላይ፣
ድልድዩ ጫፍ ተንጠልጥሎ
ገላጩን እጅ ይጠብቃል?

ሲልቫኖ፣ የታችኛው ቤት ብስክሌት ጠጋኝ፣
አንዷን ቅጂ ወስዶ ነበር፣ የሚወላገድ መቆሚያ ሊደግፍባት።
ማክሰኞ ማታ ደረጃውን እያቃሰተ ወጣ፣
እሱ ይሁን ደረጃው ያቃሰተው አልለየንም፤
በገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ የአውራ ጣቱ ግራሶ ታትሟል።
«ይሄ ሰውዬ» አለ፣ «ከጉድጓዱ የሰማው
የማን እስትንፋስ ነው?»
«ቁጥር ሁለት ላይ ይገለጣል» አለች ኦዲል።
(ቁጥር ሁለት አልተጻፈም።)
«ከዚያስ?»
«ቁጥር ሁለት ላይ።»
ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አኖረ።
ለምን እንደሚጠይቅ አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነው።
አባቱ የከሰል ሠራተኛ እንደነበረ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል።
«እጠብቃለሁ» አለ፤ የምሩን ነበር፤ ዝናቡ እስኪያባራ ቆየ።
የወሰዳትን ቅጂ ዋጋ ግን እስከ ዛሬ አልከፈለም።

እሱ ሲወርድ ኦዲል የባንኩን ደብዳቤ ገለበጠችው።
ጀርባው ነጭ ነው፤ ቁጥሮቹ በስሱ ያሳልፋሉ።
ማስመሪያ አነሳች። አንድ ሳጥን፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤
አራተኛው ጠበባት፣ ሰርዛ እንደገና ጀመረች።
ቀና ሳትል፣
«ምን ቀለም ቀርቶናል?» አለችኝ።

ጥቁር። ጡብ።