ቀዩ ፈቀቅ ያለ ለታ

ሻርጃ፣ ከፋብሪካው ሰፈር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ማሽኑ አራት ቀለም ይተፋል፤ እኔ ቆሜ እቆጥራለሁ ወረቀት።
ሰማያዊው ቀድሞ ገባ፣ ቢጫው በልኩ ዐረፈ፣
ጥቁሩ መስመሩን ያዘ፤
ቀዩ ብቻ አንድ ጣት ያህል ከቦታው አለፈ።

የሚበረው ጀግና ካባው ነጭ ሆነ፣ የመግነዝ ነጭ።
ቀለሙ ከትከሻው ተንሸራቶ
ከሥሩ መስታወት በሚጠርግ፣
ስም ባልተሰጠው ሰውዬ እጅ ላይ ፈሰሰ።

ስሕተቱ የታየው ከታጠፈ፣ በሽቦ ከተሰፋ በኋላ ነው።
አለቃችን ኩርያን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
«ሁለት ሺሁም ይቆረጥ» አለ።
ቆረጥን።
አንዷን ግን ሸሚዜ ሥር ሸሸግኋት፣
የሆዴ ላብ ሽፋኗን እስኪያጨማድደው።

ዐረብኛ አላነብም። «ያላ» እና «ኻላስ» ለሥራ ይበቁኛል።
ስለዚህ እንደ ሀ ሁ ከግራ ገለጥኋት።
መጀመሪያ ጭብጨባ፣ ባንዲራ፣ የሚስቅ ጀግና።
ቀጥሎ ፍርስራሽ፤ ከወገቡ የተቆመጠ ፎቅ።
ቀጥሎ ቡጢ።
ቀጥሎ አንድ ሰው ከመሬት ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ፣
ካዝና ተሸከመ፣ ወደ ባንኩ አስገባው፣
በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ በባዶ እጁ ወደ ቤቱ ሄደ።
ከግራ ለሚያነብ
መጀመሪያ የመታው ጀግናው ነው።

«ገልብጠህ እኮ ነው» አለኝ ይርዳው ከላይኛው አልጋ፤
ሪያድ አራት ዓመት ነድቷል፣ ፊደላቸውን ያውቃል።
«ከቀኝ ነው። ሌባው ሰረቀ፣ ጀግናው ደረሰ፣ በቃ።»
ልክ ነህ አልሁት። ልክ ነበር።

እኛም ቀዬ አለ፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚገለጥ።
አያቴ ቢተው ስሙ ሲነሣ ሠርገኛው ሁሉ ብድግ ይላል፦
«የቢተው ምንሽር ማዶን አስለቀሰ፣
ሰማንያ ከብት ነድቶ በጧት ተመለሰ!»
እኔም በስድስት ዓመቴ ፎክሬበታለሁ፣
ሸንበቆ ተሸክሜ፣ ከዳስ ዳስ እየዘለልሁ።
«አስለቀሰ» በሚለው ቃል ውስጥ
የሚያለቅስ ሰው መኖሩን አልጠየቅሁም።

አንድ ዓርብ፣ ልብስ ለማጠብ ወረፋ ይዘን፣
ይርዳው ስለ ሴት አያቱ አጫወተኝ።
የማዶ ልጅ ነው፤ ወንዙን በስሙ ሲጠራው ነው ያወቅሁት።
አሮጊቷ ልትሞት ስትል ቃጭል በሰማች ቁጥር
«ከብቶቹ መጡ፣ በረቱን ክፈቱ» ትል ነበር አለ።
ሰማንያ ነበሩ። በየመልካቸው ያውቃቸዋል፣ ሳያያቸው፤
ቦራ፣ ዳልቻ፣ አንድ ቀንዷ የተሰበረ ጉራች።
«ማን ነዳቸው?» አልሁት፣ እያወቅሁ።
«አንድ ጅብ ነው አሉ። እኛ ቤት ስሙ አይጠራም።»
ሸሚዜን ጨመቅሁት።
ውኃ የለውም፣ ደግሜ ጨመቅሁት።

ዛሬ ማታ መጽሐፏን መሃላችን ዘርግተናል።
እሱ ከቀኝ ይመጣል፣ እኔ ከግራ፤
ሽቦው የተሰፋበት ገጽ ላይ ተገናኘን።
ጣቱን ከጠራጊው ሰውዬ ላይ አሳረፈ።
«ይሄስ ምን ሠርቶ ነው እጁ የቀላ?»
«የማተሚያ ስሕተት ነው» አልሁት።
አልዋሸሁም።

መታወቂያዬ ከትራሴ አጠገብ ነው፤
ስሜ፣ ያባቴ ስም፣ ያያቴ ስም፣
እሱ በሚያነበው ፊደል በግልጽ ተጽፏል።
ይርዳው ውኃ ሊጠጣ ሲወርድ
በፊቱ ደፋሁት።