መጀመሪያ ግድግዳው

«ሁሉን የሚበሳ አንድ ፑንታ ስጪኝ» አለኝ ቫልዴማር፣
ዝናቡን ከትከሻው እያራገፈ፣ ደፌን ሳይሻገር።
ፖርቶ ነው ሱቄ፣ ከወንዙ በላይ፣ ዳገቱ ሲጀምር፤
ከአጎቴ ከአቢሊዮ የወረስሁት ነገር
ሺህ መሳቢያ፣ አንድ ሚዛን፣ እና አንዲት ምክር፦
«መሣሪያ ለሚጠይቅሽ ሰው ቶሎ መሣሪያ አትስጪ፤
መጀመሪያ ስለ ግድግዳው ጠይቂ፣ አዳምጪ።»

እናም ጠየቅሁት፦ «ግድግዳህ ምንድን ነው?»
«ግድግዳ ግድግዳ ነው» አለ፣ «ምን ልዩ አለው?»
ሳቅሁ። የዚህ አገር ቤት እኮ ሦስት ቆዳ ነው ያለው፦
ላዩ ሰማያዊ ሸክላ፣ እንግዳ የሚቀበልበት፤
ከሥሩ የኖራ ልስን፣ በጥፍር የሚፋቅ፣ የሚረግፍ ባመት ባመት፤
ከዚያ ግራናይት፣ ጠራቢ ሁሉ ክንዱን የጨረሰበት።

ፊቱ ተለወጠ። ቆቡን አወለቀና እንደገና ጀመረ ሊናገር፦
እናቱ ዴኦሊንዳ፣ በሰማንያ ሦስት ዓመቷ፣ ከደረጃው ወድቃ ነበር።
መደገፊያ ሊያበጅላት ነው፣ ከፎቅ እስከ በር፤
ያሮጌ ወይን በርሜል እንጨት አግኝቷል፣ ኦክ፣ ጥቁር።
ግን ያንን ሸክላ አባቱ ነው በእጁ የለጠፈው፣
ሰባ ሁለቱንም፣ በሠርጋቸው ዋዜማ፣ አንድ በአንድ የደረደረው።
እሷም ብላዋለች፦ «ልውደቅ! አንዱ ከሚሰነጠቅ፤
አጥንት ይጠገናል፣ ያን የለጠፈ እጅ ግን ዳግም አይጠየቅ።»

መሳቢያ ሳብሁ።
«ስማቸው አንድ ነው» አልሁት፣ «ፑንታ። ጠባያቸው ግን ለየቅል፤
ይኸ የጦር ጫፍ የመሰለው፣ የወይራ ቅጠል የሚያህል፣
ለሸክላው ነው። ምት አይወድም። የትራፓኖህን መዶሻ ዝጋው፤
በዝግታ ይዙር፣ ዝም ብሎ፤ ውሃ ጠብ እያደረግህ አጠጣው።
አስቀድመህ ፕላስተር ለጥፍበት፣ ጫፉ እንዳይንሸራተት፤
ሸክላ በቁጣ አይበሳም፤ እንደ ሽማግሌ በልመና ነው የሚከፈት።
ብናኙን እየው፤ ከቢጫ ወደ ነጭ ሲዞር ሸክላው አለቀ፣ ልስን ነው፤
ከዚያ ወዲያ ትራፓኖህ ቢያቃስት ድንጋይ አግኝተሃል፣ ጦሩን አውጣው።
ያኔ ይህን አስገባ፣ ዶልዱሙን፣ አፉ ላይ ክንፍ የተበየደበት፤
እሱ አይቆርጥም፣ ይፈጫል። መዶሻውን አሁን ክፈት።»

«እንጨቱስ?»
«ለእንጨቱ ይኸ፣ መሃሉ ላይ እሾህ ያለው፣
መጀመሪያ ነክሶ የሚቆም፣ ከዚያ የሚጠርበው።
የድንጋዩን ለእንጨት ብትሰጠው አይበሳም፣ ያቃጥለዋል፤
የእንጨቱን ለድንጋይ ብትሰጠው ደግሞ፣ አንድ ዙር ዞሮ ይሞታል።»
ለብረት ማቀፊያው ወርቃማውን አወጣሁ፣ ከዘይት ብልቃጥ ጋር፤
«ብረት ጥድፊያ አይወድም፤ ጢስ ካየህ፣ ፑንታህን ቅበር።»

«ለስድስት ቀዳዳ አራት ፑንታ?» አለ ዋጋውን ሰምቶ።
«አጎቴ ቢኖር አምስተኛ ይጨምርልህ ነበር» አልሁት። ከፍሎ ሄደ፣ ትንሽ ተቆጥቶ።

በሦስተኛው ቀን መጣ፣ ጥፍሩ ሥር ኖራ።
«ስንተኛው ላይ?» አልሁት ዓይኑን አይቼ። «አራተኛው» አለ፣ እየፈራ።
ሦስቱ እንደ ቅቤ ገብተውለት ነበር፤ በአራተኛው፣ ኩራት ሲሞላው፣
ከድንጋይ ወደ ሸክላ ሲመለስ፣ መዶሻውን ሳይዘጋው፣

ቀጭ!

ከቀዳዳው እስከ ጥጉ፣ ፀጉር የምታክል መስመር።
እናቱ ከላይ ሰማች። ወረደች፣ ቃል ሳትናገር፣
ተቀምጣ፣ እንደ ሕፃን፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ አንዱ እየተንሸራተተች፤
አውራ ጣቷን ስንጥቁ ላይ አስኬደችና፦
«ይኸኛው ድሮም ስንጥቅ ነበር» አለች።
«አባትህ በቀለም ሸፍኖት ነው፤ እኔም ሃምሳ ስምንት ዓመት እንዳላየሁ ሆንሁ።
ሥራህን ቀጥል፤ ደክሞኛል፣ ቶሎ ልቁምበት፣ ተቀምጬ ወረድሁ።»

ይህን ሲነግረኝ ትከሻው ቀልሎት ነበር።
እኔ ግን ሙያዬ ነው፤ አላስችል አለኝ ነገር።
«የስንጥቁ ውስጥ» አልሁት፣ «ምን ዓይነት ነው ቀለሙ?»
«ነጭ ነው፣ ወተት። ምነው? ምንድን ነው ትርጉሙ?»

አሮጌ ስንጥቅ ይጠቁራል፤ ያመታት ጢስና እርጥበት ይጠጣል።
ነጩ የትናንት ነው። ይህን ማንም ሸክላ ለጣፊ ያውቃል።

«ምንም» አልሁት፤ አንዱን መሳቢያ ሳብሁ፣ ሌላውን ገፋሁ፣ ፊቴን እንዳያየው።
«ሁለት ቀዳዳ ይቀረኛል» አለ። አዲስ የጦር ጫፍ ሰጠሁት፤ በሙሉ ዋጋው።

ሠላሳ ዓመት ከዚህ ባንኮኒ ጀርባ ፑንታ መረጥሁ፣ ሸጥሁ፤
ያለ መዶሻ፣ ቀስ ብሎ፣ በጠብታ ውሃ፣
ሰው እንዲህ ሲሠራ ግን ገና አሁን ሰማሁ።