ከመቶ ሦስት እጅ

ቂርያት ጋት ዳርቻ፣ ከባቡሩ ማዶ፣
ወንድሜ አለልኝ በሩን ከፍቷል ማልዶ።
በክርኑ ይገፋል የቆርቆሮ መዝጊያ፣
በጉልበቱ ያቅፋል የብረት ማጠፊያ።
ቀኙ ድንበር ቀርቷል፣ ሰሜን ካለው ጋራ፣
ከዚያ ወዲያ ነገር አይወድም ሊያወራ።

ሥራው እጅ መያዣ፣ የደረጃ ብረት፣
አሮጊት ስትወጣ የምትደገፍበት።
«እጅ ያጣ ሰውዬ እጅ መያዣ ሸጠ»
ይላል፤ ይቺን ቀልድ ስንት ዓመት አላመጠ።

መጋቢት ላይ መጣ ከማዘጋጃ ቤት
ማኅተም ያለበት ባለ ሦስት ገጽ ወረቀት።
በኛ አፍ ጨረታ፣ ሚክራዝ በነሱ አፍ፤
እኔ ነኝ የማነብ፣ እኔ ነኝ የምጽፍ።
እንዲህ ይላል፦ «ግባችን፣ በዚህ ዓመት አዋጅ፣
ለጦር ጉዳተኛ ነው ከመቶ ሦስት እጅ።»

ድገሚው፣ አለኝ።
ደገምኩ።
«ሦስት እጅ?» አለ፣ የባዶ እጅጌውን ጫፍ እያጠፈ፣
«እኔ የሰጠሁት አንድ ነው። ሁለቱን ማን አተረፈ?»

ሁለት ሌሊት ሞላን፤ እኔ ስጽፍ፣ እሱ ሲያሰላ፣
የብሎን፣ የቀለም፣ የጭነት፣ የሌላ የሌላ።
«ስድስት ወር ያላለፈው የሐኪም ማስረጃ»
ይላል አንቀጽ ዘጠኝ። (እጁ በቅሎ እንደሁ እንጃ!)
ሄድን፤ ወረፋ ቆመን ዋልን። ሐኪሙ ቀና ሳይል ፈረመ።
«ትርፉን ቀንሺው» አለኝ ማታ። ቀነስኩ።
የራሴን ድካም ደግሞ፣ እሱ ሳያይ፣ ሰረዝኩ።
ወር ሳያልቅ እጅ ያጥረናል፣ አልኩ፤
ካፌ ሳይወጣ ደነገጥኩ።
እሱ ግን ሳቀ፤ እስኪያስለው ሳቀ።

ፖስታው ሳይታሸግ አንድ ሰው መጣና፣
ከአሽዶድ ነው፤ በሩ ላይ አቆመ መኪና።
እጁን ዘረጋለት፣ ቀኙን፤ ከዚያ አፈረ፣
ግራውን ቀይሮ እንዲህ ሲል ጀመረ፦
«ብረቱም የእኔ ነው፣ ሠራተኛው የእኔ፣
አንተ ስምህን ስጥ፤ ፈርም ከጎኔ።
ቤትህ ቁጭ ብለህ ከመቶ አምስት ትበላለህ፤
ምን ትደክማለህ?»

አልተቆጣም ወንድሜ። ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ
በግራው ውኃ ቀዳለት፣ ሞልቶ እስኪፈስ ብርጭቆ።
«ስሜን እናቴ ናት የሰጠችኝ» አለው፣
«እጄንም አገር ወሰደው፤ ለሁለቱም ደረሰኝ የለኝ።
ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ማከራየት አይሆንልኝ።»

ሰኔ ላይ መለሱ። ግማሽ ገጽ፣ አጭር፦
ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን፤
ዋጋዎ ከፍ ይላል በጥቂት ቁጥር፤
የዘንድሮው ግብም ተሟልቷል።

ተሟልቷል።
በማን እጅ? እሱ አልጠየቀም። እኔ ዝርዝሩን ፈለግሁ።
ከአሸናፊዎቹ የአንዱን ስም አወቅሁ፦
የሺዋስ፣ ከላያችን ፎቅ፣ አንድ እግሩ የእንጨት፤
ብረት አጥፎ አያውቅም፣ ብሎን አያውቅም ማጥበቅ።
ሦስት ልጅ አለው፣ የቤት ኪራይ። ምን ይፈረድበታል?
ሊፍት ውስጥ ሰላም ስለው ግን
ወለሉን ያያል።

በጥቅምት ጤና ጣቢያው ቀጠሮ ነበረን።
አዲሱ ብረት ቆሟል፤ ቀለሙ ገና ይሸታል።
አንዲት ሩሲያዊት ባልቴት ይዛ ስትወርድ ተወዛወዘ፤
እሷ አይደለችም፣ ብረቱ ነው። ወንድሜ ቆሞ ፈዘዘ።
ከዚያ ከኪሱ መፍቻ አወጣ፣ ተንበረከከ፣
ብሎኑን በግራው ጠመዘዘ፣ ባዶ እጅጌው ደረጃ ሲነካ፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
አንዱም ሳይጠብቅ ቀርቷል ለካ።

«ከማዘጋጃ ቤት ነህ ወይ?» ዘበኛው ጠየቀ።
«ከመቶ ሦስቱ ነኝ» አለው፤ የመጨረሻውን አጠበቀ።

ባልቴቷ ቆማ ጠበቀችው፣ እስኪጨርስ፣
ከዚያ ይዛ ወረደች፣ እስከ ታችኛው እርከን ድረስ።
እኔም ከኋላዋ፣ ፋይሉን በብብቴ።
የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ «ማን አለሽ?» የሚለኝ፣
ወንድሜ አለልኝ።