ደንገጎን ወርዶ ወጥቶ

ከዚራ ነው የምሠራው፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ፣
ውጭ ድሬ ስትቃጠል፣ እኔ በብርድ ስንቀጠቀጥ።
ሥራዬ መንገድ ማሳየት ነው፣ ለማይታይ መንገደኛ፤
ለድምፅ፣ ለፎቶ፣ ለሐሜት፣ ለብር፣ ለእንቅልፍ አልባ መልእክተኛ።

ያኔ፣ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ የየቤቱን ስም ከነበሩ
አንድ ባንድ መዝግቤ ነበር፤ ማሽኑን ከበደው ቁጥሩ።
አንዱ ቤት መብራት ሲጠፋው፣ ከሞያሌ እስከ መተማ
የሁሉም መዝገብ ይናወጥ ነበር፣ እንደ መርዶ እየተሰማ።
ጋሽ ወሰንየለህ፣ አለቃዬ፣ ሻዩን በማንኪያ እየመታ፣
«ሞኝ፣» አለኝ፣ «የባጃጅ ሹፌር ያውቃል ወይ የሁሉን ቦታ?
ሐረር የሚል ሰው ሲመጣ፣ ደንገጎን አሳየው፣ በቃ፤
የጀጎልን ጀጎል ይወቅ፤ ለምን ያንተ ራስ ይንቃ?»

እውነቱን ነው። አጠፋሁት። ሺህ መስመር፣ ሺህ የቤት ቁጥር
በአንድ ቃል ተጠቀለለ፤ «ሐረር ከሆነ፣ በደንገጎ ዙር።»
መዝገቡ ሲቀል ማሽኑም ተነፈሰ፣ ላቡም ደረቀ።
ሐረርም አንድ ነጥብ ሆነ፤ አረንጓዴ፣ የደመቀ።

ታዲያ ባለፈው፣ አረፋ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣
አንዲት ሴት ደወለች፤ ስልኩ የሰው ነው፣ የተዋሰችው።
«አይ ረውዳ እባላለሁ። ቤቴ ከመኪና ግርግር ጀርባ።
ስልኬ ዲዳ ከሆነ ዘጠኝ አለፈ፣ ዛሬ ዐሥር ገባ።»
አየሁ፤ መብራቱ አረንጓዴ ነው። «ሐረር ደህና ነው፣» አልኋት።
«ሐረርማ ደህና ነው፣» አለች፤ «እኔ ነኝ የሌለሁበት።»

ሄድኩ።
ለሾፌሩ «ሐረር» አልኩት፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝ።
ሸዋ በር ላይ፣ ሚዛን ዘርግቶ ሰው የሚመዝን ልጅ
«መኪና ግርግር» ስለው፣ ባገጩ ወደ ታች ጠቆመኝ።
ልብስ ሰፊው መኪናውን ሳያቆም፣ «ረውዳ? የትኛዋ?» አለኝ፤
«ግራ፣ ከዚያ ቀኝ፣ ከዚያ ጠይቅ፣» በመቀሱ ሸኘኝ።
ማንም መንገዱን ሁሉ አያውቅም። ሁሉም አንድ እርምጃ ያውቃል።
በዚህ ነው ዓለም የሚደራረሰው፤ ባላዋቂዎች ቅብብል።

ግድግዳው ትኩስ ኖራ ነው። ለበዓሉ የቀባው ልጅ
ሽቦዬን የሸረሪት ድር መስሎት፣ ጠርጎት ነበር በእጅ።
ቀጠልኩት። ዐሥር ቀን ዝምታ፣ ለሁለት ደቂቃ ሥራ!
አይ ረውዳ ወዲያው ደወለች፤ «መይሙና!» ብላ ስትጣራ፣
ከግድግዳው ማዶ ስልክ ጮኸ።
ከግድግዳው ማዶ።
አንዲት ሴት ስታስል፣ እኔም እሷም በጆሯችን ሰማናት፤
ጥቂት ቆይቶ ያው ሳል፣ በስልኩ ዞሮ መጣላት።

እህቷ ናት። ከአባት ሞት ወዲህ፣ በዚሁ ግድግዳ ተካሰው
ፊት ለፊት አይነጋገሩም፤ መሐላ አለ የማይፈርሰው።
«ስልክ ግን፣» አለችኝ አይ ረውዳ፣ «ፊት የለውም።»
ቃሏ ከዚህ ተነሥቶ፣ ደንገጎን ወርዶ፣ ድሬ ገብቶ፣
በእኔ ክፍል በብርዱ አልፎ፣ አዲስ አበባ ድረስ ወጥቶ፣
ተመልሶ፣ በዚያው ቁልቁለት፣ በዚያው አቀበት ተጎትቶ፣
አንድ ክንድ ይሻገራል።

ማታ ከዚራ ተመለስኩ። ማሳጠር እችላለሁ፤ አንድ መስመር፤
«ከጀጎል ወደ ጀጎል የሆነ ሁሉ፣ እዚያው ይዙር።»
ጻፍኩት እንኳ። ጋሽ ወሰንየለህ ከኋላዬ ቆሞ አየኝ፤
«ብክነት ነበር እኮ ይሄ! በል አስገባው፣» አለኝ።

ልክ ነው። ብክነት ነው።
ግን ያቺ ሳል፣ ከግድግዳው እስከ ስልኩ የምትዘገይባት
ትንሽ ጊዜ አለች፤ እህት ያልሰማች መስላ የምትቆይባት።

«ነገ፣» አልኩት።

አረፋም አለፈ። ማሽኑ ያንኮራፋል።
መስመሩ እንደተጻፈ ነው፤ አላስገባሁት።
ሐረር አረንጓዴ ነው፤
እሷም አለችበት።