መቶ ስድሳ ሁለት ደረጃ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ስመዝን ኖሬ፣
ከበረዶ በላይ ዓሣ ደርድሬ፣
በቫልፓራይሶ ወደብ፣ ከጀልባዎች ዳር፣
አውቀዋለሁ ሁሉን የሚዛንን ምሥጢር፤
እርጥብ ወረቀት ሥር ግማሽ ኪሎ ሲያድር፣
አውራ ጣት ጫን ሲል፣ መርፌው ሲንደረደር።
ራሴን ግን አንድ ቀን መዝኜ አላየሁም፤
ለምን ብዬ? እኔ ለሽያጭ አልቀረብሁም።

ጉልበቴ ነው መጀመሪያ የከሰሰኝ፣
ደረጃው መሐል ላይ ቁጭ ያደረገኝ።
ቤቴ ኮረብታው ጫፍ፣ ከቢጫው ግድግዳ፣
መቶ ስድሳ ሁለት ደረጃ እንጂ የለው ሜዳ።
በሐዲድ የሚወጣው አሮጌው ሣጥን ሊፍት
ከቆመ ዓመት አለፈው፣ ለጥገና ዘግተውት።

ክሊኒክ ሄድኩና ደረቴን ነፋሁ፦
«እስከ ገና» አልኩ፣ «ሠላሳ ኪሎ እጥላለሁ!»
ያስና፣ ነርሷ ልጅ፣ ምንም አልመለሰች፤
እርሳሷን አነሣች፣ ሠላሳን ሰረዘች።
«ሁለት» ብላ ጻፈች።
ሁለት! ደሜ ፈላ፤
እሱን እኮ ለደንበኛ እመርቃለሁ፣ ስሸጥለት ሌላ።

በማግስቱ ጠዋት ገበያዬ ቆሜ፣
ሁለት ኪሎ ኮንግሪዮ በክንዴ ተሸክሜ፣
እንደ ሕፃን ልጅ አቅፌ ያዝሁት፣
ሰዓት እስኪሞላ፤ ገዢ ቢመጣም አልሸጥሁት።
ትከሻዬ ዛለ፣ ክንዴ ተንቀጠቀጠ።
ለካ ሁለት ኪሎ ክብደቱን ደብቆ ነው የተቀመጠ።

ከዚያ ጀመርኩ እንግዲህ። መቶ ስድሳ ሁለቱን ረሳሁ፤
ዶን ኦኖፍሬ መስኮት፣ ሠላሳ አራተኛው ላይ፣ እዚያ ድረስ ተነሣሁ።
እሱ ወፎቹን እያበላ፣ «ደረስሽ ወይ?» ይለኛል፤
«እዚህ ደረስሁ» እላለሁ፤ ትንፋሼ ግን ገና ከታች ይመጣል።
ቀሪውን እንዴት እንደ ወጣሁ አትጠይቁኝ፤
በእጄም በእግሬም ነው፣ የጥጉ ብረት ነው የጎተተኝ።

ሚያዝያ ላይ ጫማ ሰፊው ደጅ፣ ግንቦት ላይ ሰማያዊው በር፤
አንዳንዱ ቀን ዝናብ፣ አንዳንዱ ቀን ደግሞ ስንፍና ነበር።
ማታ ከሻይ ጋር ሦስት የነበረው ዳቦ ሁለት ሆነ፤
ሦስተኛው በሕልሜ ይመጣል፣ በአቮካዶ እንደ ተከደነ።

ሐምሌ ላይ አራት ወረደ። መስከረም መጣ በበዓሉ፤
ኢምፓናዳው ትኩስ ነው፣ ጎረቤት ይጨፍራል ሁሉ፤
ማን ይቆጥራል ያን ጊዜ?
ሚዛኑ ላይ ስወጣ ሁለቱ ተመልሷል፤
ጥሎኝ የሄደ መስሎኝ፣ ለካ ደጅ ተቀምጦ ጠብቆኛል።

ክሊኒኩን ሸሸሁ። በሌላ መንገድ ዞርሁ።
«አለቀ» አልኩ፣ «እኔ እንዲህ ነኝ፣ እንዲሁ ተፈጠርሁ።»
አንድ ቅዳሜ ያስና መጣች፣ ቅርጫቷን ይዛ፤
ስለ ኪሎ አንድም ቃል የለ፣ መርሉሳ ብቻ ገዛ።
ልትሄድ ስትል ዞረች፦ «አሁን የት ነው የምታርፊው?»
«ሰማያዊው በር ላይ።»
«ድሮስ?»
«ኦኖፍሬ መስኮት፣ ያውም ብረቱን ይዤ ነው።»
«እንግዲህ» አለች፣ «ይህን ሚዛኑ አያውቀው።»

ያን ማታ ዳቦውን ወደ ሁለት መለስሁት።

ቀለለች ይሉኛል አሁን በሰፈሩ፤
ቃሉን አልወደውም፣ ንቀት አለው ሥሩ።
ግን ልንገራችሁ፤ ድሮ ለራሴ የምሰጠው ቃል
ላባ ነበር፤ ትንሽ ነፋስ፣ አንድ ኬክ ይወስደዋል።
ዛሬ ሥጋዬ ሲቀልል ቃሌ ከበደ፤
ባስቀመጥሁበት ይገኛል፣ የትም አልሄደ።

ገና ደረሰ። ሠላሳ? የለም። ሰባት።
ዘጠና ስምንት የነበረው፣ ዘጠና አንድ ላይ ነው ያለሁት።
ትናንት ሊፍቱ ተከፈተ፣ ደወሉም ተደወለ፤
ሠራተኛው በሩን ይዞ፣ «ግቢ እንጂ፣ ኤድልሚራ!» አለ።
ጉልበቴ ወደ ወንበሩ አየ፤ አልዋሽም፣ ልቤም እንዲሁ።
«ነገ» አልኩት፣ «ምናልባት። ዛሬ ለኦኖፍሬ
የወፍ ጥሬ ይዣለሁ።»